አብሽሪ ማለት ብቻ አይበቃም

ይድረስ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ነርሶችን ለምታስተምሩ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለመምህራኖቻቸው፣ እንዲሁም ልጅ ለሙያ ፈቃድ ፈተና ለምትልኩ ወላጆች

ጉዳዩ፦ የፈተና ፍርሃትን ይመለከታል

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ የነርስነት ሙያ ፈቃድ ፈተና ወደቀች። ሥራውን ስለማታውቅ አልነበረም። አክስቷ ስለሆንኩ የማዳላ እንዳይመስላችሁ፤ ከሃያ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁና የሚሠራ እጅ ሳይ አውቀዋለሁ። ለልምምድ በወጣች ጊዜ በአንድ ሆስፒታል የወሊድ ክፍል አብረን አድረን ነበር። ደም ግፊቷ እጅግ የጨመረ ነፍሰ ጡር ገባች፤ መንዘፍዘፍን የሚከላከለው ማግኒዚየም ሰልፌት ታዘዘላት። ልጅቷ መርፌውን ከማንሳቷ በፊት ሰዓቷን አይታ የሴትየዋን ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። ከጉልበቷ በታች ያለውን ጅማት መታ አድርጋ እግሯ ብድግ ማለቱን አየች። ጎንበስ ብላ የሽንት ከረጢቱን አነበበች። ከዚያ መድኃኒቱ ቢበዛባት ማርከሻ የሚሆነውን ካልሲየም ግሉኮኔት አውጥታ ትሪው ላይ አስቀመጠች። ማንም አላዘዛትም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እያየኋት ነበር።

ፈተናው ላይ ስለዚሁ መድኃኒት የሚጠይቅ ጥያቄ መጣላት። «አክስቴ፣ አራት ጊዜ አነበብኩት» አለችኝ። «ፊደሎቹ ይታዩኛል፤ ቃሉ ግን አልገባ አለኝ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ከፊቴ የነበረው ልጅ ጨርሶ ሲነሳ እኔ ብቻ የቀረሁ መሰለኝ።» በግምት አንዱን ምርጫ መልሳ አለፈችው። ይህን ስትነግረኝ ታክሲ ውስጥ ሆና በስልክ ነው። እዚያው ታክሲ ውስጥ ሆና ትክክለኛውን መልስ በቅደም ተከተል ነገረችኝ፤ ትንፋሽ፣ የጉልበት ምላሽ፣ የሽንት መጠን። ከአዳራሹ ከወጣች ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላትም ነበር።

እኛ ወሎዬዎች ለተጨነቀ ሰው የምንሰጠው ቃል አለን፤ አብሽር፣ አብሽሪ። የምወደው ቃል ነው፤ እኔም ከፈተናው በፊት በነበሩት ሳምንታት ስንት ጊዜ እንዳልኳት አላውቅም። እናቷ ከኮምቦልቻ እየደወለች አብሽሪ ትላታለች። ጎረቤት በረካውን ጠጥቶ ሲነሳ ዱዓ አድርጎላት አብሽሪ ይላታል። ዱዓውን እኔም አደርጋለሁ፤ ይቅር አልልም። ነገር ግን ትኩሳት የያዘውን ሰው አብሽር ብለን ሙቀቱን ሳንለካ አንሄድም። ለፈተና ፍርሃት ግን እናንተም በኮሌጅ፣ እኛም በቤት፣ ከቃሉ በቀር ምንም አልሰጠናትም። አራት ዓመት ሙሉ የበሽተኛን ትንፋሽ እንዴት እንደምትቆጥር ስታስተምሯት የራሷን ትንፋሽ ያስቆጠራት ሰው አልነበረም።

ፍርሃቱ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ የሰውነት ሥራ ነው፤ ይህንንም ራሳችሁ በሁለተኛ ዓመት አስተምራችኋታል። አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ መዳፍ ያልባል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይላወሳል። ይህ ኃይል ከጅብ ለማምለጥ ይጠቅማል። አራት ተቀራራቢ ምርጫዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለመመዘን ግን ፀር ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የርክስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ መጠነኛ መነቃቃት ትምህርትን እንደሚያግዝ፣ ከልኩ ሲያልፍ ግን ከባዱን ሥራ ቀድሞ እንደሚያበላሽ አሳይተዋል። ስለዚህ ልጆቹን «ጨርሶ አትፍሩ» ማለት ዋጋ የለውም። ፍርሃቱ በልክ እንዲሆን ማሠልጠን ይቻላል፤ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ይኸው ነው።

ለእኛ ልጆች ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል። የሌላ ከተማ ሰው ላያስበው ይችላል፤ እናንተ ግን አብራችሁ ስላለፋችሁበት ልትዘነጉት አይገባም። በእነዚህ ዓመታት ነርስ ሆነው ከሚመረቁት ብዙዎቹ በ2013 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ፈተናቸው ተራዝሞ በ2014 መግቢያ ላይ ሊሰጥ ሲል ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። የሌላው አካባቢ ልጅ ሲፈተን የእኛዎቹ ሁለተኛ ዙር መጠበቅ ነበረባቸው። የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሸሽ በፌስታል ከያዘችው ዕቃ አንዱ የባዮሎጂ መጽሐፏ ነበር፤ ሽፋኑ በዝናብ ረጥቦ ከነመታጠፉ እስከ ዛሬ ቤቴ አለ። ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ ወደ መንግሥት እጅ ተመልሰው ወደ ቤቷ ስትገባ መስኮቱ ተሰብሮ፣ አልጋዋ ተወስዶ አገኘችው። በዚያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ ነው ለዚያ ፈተና ያጠናችው። ለእሷ ፈተና የሚለው ቃል ከሽሽት ጋር አብሮ ተሰፍቷል። አዳራሽ ውስጥ በሩ ድንገት ሲዘጋ የምትደነግጠው ለዚህ ነው። ይህን የጠየቃት መምህር አልነበረም። እኔም ራሴ የጠየቅኳት ከወደቀች በኋላ ነው፤ ይህ ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ ልጅቷን ደሴ እኔ ቤት አመጣኋት፤ ሦስት ጓደኞቿ ተከተሏት። ማታ ማታ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ ጋቢ ለብሰን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። የሠራነውን የምነግራችሁ ቤቴን ለማስመስገን አይደለም። በኮሌጅ ቢሠራ ከቤቴ እጅግ በተሻለ ሊሠራ የሚችል ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት የአጠናናቸውን ነገር ነው። አራቱም ሃንድአውታቸውን በቢጫ ቀለም እያሰመሩ ደግመው ደጋግመው ያነባሉ። ሲያነቡት የሚያውቁት ይመስላቸዋል፤ ወረቀቱን ስዘጋው ግን ባዶ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንዳሳዩት አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ ካነበበ ተማሪ ይልቅ አንብቦ፣ ዘግቶ፣ ራሱን የፈተነ ተማሪ ከሳምንት በኋላ የበለጠ ያስታውሳል። ስለዚህ ደንባችን ቀላል ሆነ፤ ሃያ ደቂቃ ማንበብ፣ መዝጋት፣ ያስታወሱትን በባዶ ወረቀት መጻፍ፣ ከዚያ ጥያቄ መሥራት። አንዷ በመጀመሪያው ሳምንት አለቀሰች፤ «ምንም እንደማላውቅ አሁን ገባኝ» አለች። እኔ ግን ደስ አለኝ። ከፈተናው አዳራሽ ይልቅ ሳሎኔ ውስጥ ቢገባት ይሻላል።

ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው። የግድግዳ ሰዓቱን አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። የመጀመሪያ ቀን የጠብታ ስሌት ሰጠኋቸው፦ 1000 ሚሊ ሊትር ጉሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲገባ ታዟል፤ ማስተላለፊያው በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ይሰጣል፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ ታደርጊያለሽ? ዋርድ ውስጥ በየቀኑ ጉሉኮስ የምታስተካክል ልጅ 125 ብላ መለሰች። 125 በሰዓት የሚገባው ሚሊ ሊትር ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ ነው ምርጫውን ያየችው። ፈተና አውጪ ደግሞ ይህን ቁጥር ከምርጫዎቹ መካከል ማስቀመጥ አይረሳም። 1000ን በ20 አብዝታ በ480 ደቂቃ ብታካፍል 42 ገደማ ታገኝ ነበር። ሰዓቱን ሳነሳላት በአንድ ደቂቃ ሠራችው። ስመልሰው እንደገና ጠፋባት። እውቀቱ አለ፤ ሰዓቱ ሲመጣ ይሸሻል። በየማታው ሠላሳ ጥያቄ በሠላሳ ደቂቃ እየሠራን ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰዓቱ መኖሩን ረሱት። ሌላ ተአምር አልሠራንም፤ መደጋገም ብቻ ነው።

ሦስተኛው የቋንቋው ነገር ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም። ልጆቻችን ዋርድ ውስጥ የሚያስቡት በአማርኛ ነው። «እናቴ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» ብለው ይጀምራሉ፣ ከመልሱ ተነስተው ያስባሉ። ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ የበሽተኛው ታሪክ አምስት መስመር ይሆናል፣ ዋናው ቃል መጨረሻ ላይ ይደበቃል። «በስተቀር» የምትለዋን ቃል ስተው ትክክለኛውን ነገር የመለሱበትን ጥያቄ ቆጥሬ አልዘለቅኩትም። ስለዚህ መጀመሪያ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ማንበብ፣ የሚጠየቀውን በልብ በአማርኛ ማለት፣ ምርጫዎቹን ሳያዩ መልስ ማሰብ፣ ከዚያ መመልከት ለመድን። «መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» ሲል ደግሞ ዋርድ ውስጥ የሚያደርጉትን ያስታውሱ፤ የአየር መተላለፊያ፣ አተነፋፈስ፣ የደም ዝውውር፣ ሌላው ከዚያ በኋላ። ይህን ቅደም ተከተል እጃቸው ያውቀዋል።

ስለ ትንፋሽ ልጨምር። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። የሚወጣው ሲረዝም ልብ ዝግ ይላል፤ ይህ የቬገስ ነርቭ ሥራ ነው። ነገር ግን ፈተና ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው ሰው አይሠራለትም። ከወር በፊት ጀምረን ከመተኛታችን በፊት አምስት ደቂቃ እንሠራው ነበር፣ እኔም ጭምር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ራሚሬዝና ቤይሎክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ከፈተና በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ፍርሃታቸውን በወረቀት የጻፉ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ለልጆቹ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። ከዚያ ጻፉ። አንዷ ያሳየችኝ ሁለት መስመር ነበር፦ «አባቴ በሬውን ሸጦ ነው ያስተማረኝ። ብወድቅ በየትኛው ፊቴ አየዋለሁ?» ወረቀቱን የቡናው ከሰል ውስጥ ከተተችው፣ ቶናውን ቀድታ ወደ ጥያቄዋ ተመለሰች።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር። ብዙ ልጆች ለፈተና የሚያጠኑት በጫት ነው። ይህን በወሎ ማን ያጣዋል? በምርቃና ያደረ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ያወቀ ይመስለዋል፤ ጠዋት ግን እንቅልፍ ያልነካው ጭንቅላትና የሚደልቅ ልብ ይዞ ይገባል። የተማርነው በአእምሮ የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ሌላው ክኒን ነው። ከአራቱ አንዷ ከጓደኛዋ የተቀበለችውን ፕሮፕራኖሎል በቦርሳዋ ይዛ አገኘኋት፤ «ልብ ያረጋጋል» ተብላ። ልጅቷ አስም አለባት። ይህ መድኃኒት የአስም በሽተኛን የመተንፈሻ ቧንቧ ሊያጠብ እንደሚችል የፋርማኮሎጂ ፈተና ላይ መልሳ ያለፈች ልጅ ናት። ፍርሃት የሚያውቁትን የሚያስረሳው እንዲህ ነው። ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ የሚዋጥ የፈተና ክኒን የለም፤ ይህን መምህራን ክፍል ውስጥ በግልጽ ንገሯቸው።

አንዳንድ መምህር «ፈተና የፈራ በሽተኛ እንዴት ያክማል?» ይላል። ይህን ጥያቄ አከብረዋለሁ፤ እኔም ወጣት ሳለሁ እንዲሁ አስብ ነበር። የማለፊያ ነጥቡ ይቀነስ የሚል ልመና የለኝም። ፈቃዱ የሚጠብቀው አልጋ ላይ የተኛውን ሰው ነው፤ እናቴ ብትተኛ ያልተመዘነ እጅ እንዲነካት አልፈልግም። ነገር ግን ዋርድ ውስጥ ነርስ ብቻዋን አይደለችም፤ ካርድ አለ፣ የምትጠይቀው ባልደረባ አለ፣ በሽተኛው ራሱ ይናገራል። አዳራሽ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ምዘናው እውቀቷን እንዲለካ ከፈለግን የፍርሃቷን ድርሻ ቀድመን ማውጣት አለብን፤ አለበለዚያ ከሁለቱ የትኛው እንደተለካ አናውቅም። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ልጆቹ መጀመሪያ ከመቶ 50 የሚጠየቅበትን የመውጫ ፈተና አልፈው ነው ወደ ፈቃዱ የሚደርሱት። አንዱን ግድግዳ ዘለው ሲተነፍሱ ሌላው ይቆማቸዋል።

ልጆቹ ሲደክማቸው ስለ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ እነግራቸው ነበር። አገሯ በጣልያን ተይዛ፣ ቤተሰቧ ተሰዶ ሳለ ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ተመርቃ የነርስ ፈቃድ አገኘች። የእህቴ ልጅ «እሷም ሸሽታ ነው የተፈተነችው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ በኋላ ስለ ደብረ ብርሃን ማውራት ጀመረች።

ከእናንተ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። በመጨረሻው ዓመት በየወሩ አንድ ሞዴል ፈተና በእውነተኛው ሁኔታ ይሰጥ፤ ስልክ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተይዞ፣ የማያውቁት ፈታኝ ቆሞ። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ ከሆነ ልምምዱም በኮምፒውተር ይሁን፤ ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የያዘች ልጅ ስለ ጠብታ ማሰብ አትችልም። ከዚያ ዋናው ይከተል፦ መምህሩ ተቀምጦ እያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ ለምን እንደተሳሳተ ያስረዳ። ውጤት ብቻ መለጠፍ ማስተማር አይደለም። የወደቁትን ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፍ ደግሞ ይቅር፤ እኔ የማውቃት አንዲት ልጅ ስሟን በሰሌዳ ካየች በኋላ በዚያ በር ማለፍ ትታ ትራንስክሪፕቷን በሰው አስወጥታለች። «ከእናንተ ግማሹ ይወድቃል» እያሉ ማስፈራራትም ይቅር፤ ሰነፉን አያተጋውም፣ ትጉውን ይሰብረዋል። የወደቀ ልጅ ደግሞ ተመርቋልና አይመለከተንም አትበሉ። ቤተ መጻሕፍቱን ክፈቱለት። ለብቻው ቤት ተቀምጦ ከሚያጠናው ይልቅ በዚያ ቢቀመጥ ዳግም የማለፍ ተስፋው ይሰፋል። በጦርነቱ ያለፉትንም ለየብቻ ጥሩና አናግሩ፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ካላችሁ አገናኟቸው። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ መኖር አልፈልግም የሚል ቃል የተናገረ ልጅ ካለ ጉዳዩ ከፈተና አልፏልና ያንኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ወላጆች ሆይ፣ ከእናንተ የምለምነው ስልኩን ነው። በፈተናው ሳምንት «እንዴት ነው፣ ታልፊያለሽ?» ብላችሁ አትደውሉ። ልጅ ይህን ሲሰማ የበሬውን ዋጋ ነው የሚያስበው። ምን በላሽ፣ ተኛሽ ወይ በሉ። የፈተና ጣቢያው ደሴ ከሆነ የኮምቦልቻ ልጅ ዋዜማውን ደሴ ዘመድ ቤት ይደር፤ 25 ኪሎ ሜትር ቅርብ ይመስላል፣ ነገር ግን ሐረጎ ተራራ ላይ ጭጋግ ሲወርድና መኪና ሲሰለፍ ልብ የሚደልቀው ገና መንገድ ላይ ነው። እኛ ዋዜማውን መጽሐፉን ከሰዓት በኋላ ዘግተን፣ የፈተናውን ክፍል አይተን፣ እስከ አይጠየፍ አዳራሽ በእግር ወጣን። ከተማውን ቁልቁል እያየን ቆሎ በላን። ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ተኛ።

ከአራቱ ሦስቱ አለፉ፤ የእህቴ ልጅ አንዷ ናት። አሁን ሥራ ይዛለች። አራተኛዋ፣ አባቷ በሬ የሸጠላት፣ በጥቂት ነጥብ ወደቀች። ውጤቱን ያየች ቀን ደውላ «አክስቴ፣ ልምጣ ወይስ አልምጣ?» አለችኝ። መጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ትመጣለች፤ ሁለት አዳዲስ ልጆችም ይዛ መጥታለች። ሳሎኔ ጠብቧል። ተረኛ ካልሆንኩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። አንድ ክፍል፣ ሃያ ወንበርና አንድ የግድግዳ ሰዓት የሚሰጠን ኮሌጅ ካለ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ነርስ
ደሴ